ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኦንላይን ቱቶሪያል ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ተማሪው ብቻውን ሆኖ፣ ብዙ ጊዜም በስልኩ፣ ዶርም ወይም ቤት ተቀምጦ የሚሠራውን አጭር ትምህርት ለሚያዘጋጁ መምህራን ነው። ሙሉ ኮርስ ኦንላይን ስለማስተማር አይደለም፤ እሱ የራሱ ጣጣ አለው። ምሳሌዎቹ ከመግቢያ ስታትስቲክስ የተወሰዱ ናቸው። የትኛውም ዲፓርትመንት ያለ ተማሪ ከሞላ ጎደል አንድ ቀን ያገኘዋልና።

ከየት ልጀምር?

ከፈተና ወረቀት። ስላይድ ከመደርደርዎ፣ ካሜራ ከመክፈትዎ በፊት ያለፈውን ሚድ ወረቀት ያውጡና ተማሪዎች የት ላይ እንደሳቱ ይዩ። "ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚለካው) አልገባቸውም" ማለት በቂ አይደለም። ምኑ ነው ያልገባቸው? ልዩነቶቹን ስኩዌር ሳያደርጉ ደመሩ? ቫሪያንሱን (ስኩዌር የተደረጉትን ልዩነቶች አማካይ) በትክክል አግኝተው ስኩዌር ሩቱን ረሱ? አምስት ቁጥሮች ሲሰጧቸው ለ5 ይካፈል ወይስ ለ4 የሚለው ተምታታባቸው? እያንዳንዱ ስህተት ለብቻው የአንድ ቱቶሪያል ርዕስ መሆን ይችላል።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ "ይህን የጨረሰ ተማሪ ምን መሥራት ይችላል?" መልሱ "ስለ ስርጭት ይረዳል" ከሆነ ገና ነው። መረዳት በዓይን አይታይም። "አምስት ቁጥሮች ቢሰጡት ስታንዳርድ ዲቪዬሽናቸውን በወረቀት ያሰላል" ከሆነ ግን ሥራው ግማሽ ደርሷል።

ለምን ከወረቀት? የሚከብዳቸውን ነገር እኔ ራሴ አውቀው የለ?

የሚያውቁ ይመስልዎታል። በ1990 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ኒውተን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ጥናቷ አንድ ቀላል ሙከራ ሠርታ ነበር። አንዳንዶቹን ሰዎች ሁሉም የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ምት ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው እንዲመቱ አደረገች። ሌሎቹ ሰምተው ዘፈኑን ይገምታሉ። መቺዎቹ "ግማሹን ያውቁታል" ብለው ነበር። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ብቻ ሆነ። ለሚመታው ሰው ዜማው ጭንቅላቱ ውስጥ እየተዘፈነ ነው። ለአድማጩ ግን ኳኳታ ነው።

አንድን ኮርስ ለዓመታት ያስተማረ ሰውም ዜማው ይሰማዋል። "እዚህ ጋ ስኩዌር እናደርጋለን" ብሎ ያልፋል፤ ለምን እንደሆነ ለሱ ግልጽ ነው። ተማሪው ግን እዚያው ላይ ቀርቷል። ክፍል ውስጥ ቢሆን ፊቱን አይተው ይመለሱ ነበር። ኦንላይን ፊት የለም። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው፤ የፈተናው ወረቀት ደግሞ የሚገኘው ከሁሉ የቀረበ ማስረጃ ነው።

ቪዲዮው ስንት ደቂቃ ይሁን?

በ2014 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች ድረ ገጽ ላይ የተሰበሰበ የ6.9 ሚሊዮን ጊዜ የቪዲዮ እይታ መረጃ መርምረው ነበር። ቪዲዮው ቢረዝምም ተመልካቾች በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩ አዩ። "6 ደቂቃ" የሚለው ወርቃማ ቁጥር ከዚያ ወዲህ በየስልጠናው ይጠቀሳል።

ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ግን እንዳያመልኩት። እነዚያ ሰዎች ኮርሱን በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ናቸው፤ ቢተዉት የሚቀርባቸው የለም። ነገ ፋይናል ያለበት ተማሪ 40 ደቂቃም ያያል። የሚሻለው መለኪያ ይህ ነው፦ አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ችግር። ችግሩ በ4 ደቂቃ ካለቀ በ4 ደቂቃ ያቁሙ። 9 ከወሰደም ይውሰድ። 15 ካለፈ ግን ውስጡ ሁለት ርዕስ ተደብቋል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ተማሪ ወደ ቱቶሪያል የሚመለሰው አንዲት ነገር ጠፍታበት ነው። በአንድ ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ ያቺን ነገር ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ሲጎትት ዳታውም ትዕግሥቱም ያልቃል።

የክፍል ሌክቸሬን ቀድቼ ብለቀውስ?

ክፍል ለቀረ ተማሪ ይጠቅማል። ቱቶሪያል ግን አይሆንም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ግቢዎቹን ሲያዘጋ ብዙ ቦታ የተደረገው ይኸው ነበር፤ ያለው ሀንድአውትና ስላይድ በቴሌግራም ተላከ። በዚያ ጥድፊያ ከዚያ በላይ መጠበቅም ግፍ ነው። ዛሬ ግን ጊዜ አለን። ሌክቸር ውስጥ ስም ጥሪ አለ፣ የፕሮጀክተር ብልሽት አለ፣ "ባለፈው እንዳልነው" አለ። ዋናው ጉድለት ግን ተማሪው ምንም የሚሠራው ነገር አለመኖሩ ነው።

እሺ፣ አንድ ጥሩ ቱቶሪያል ውስጡ ምን ይመስላል?

ስታንዳርድ ዲቪዬሽንን እንውሰድ። በትርጉም አይጀምሩ። በሁለት ክፍሎች የኩዊዝ ውጤት ይጀምሩ። የመጀመሪያው ክፍል 5፣ 5፣ 5፣ 5፣ 5 አመጣ። ሁለተኛው 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9። "አማካያቸው ስንት ነው? አቁሙና አስሉ።" ሁለቱም 5 ነው። "ታዲያ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ናቸው?" ተማሪው አይደሉም ማለቱ አይቀርም። አሁን ልዩነቱን የሚለካ ነገር ፈልጓል። ቀመሩ ሲመጣለት የራሱ ጥያቄ መልስ ይሆናል።

ቀጥሎ ሁለተኛውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ይሥሩለት። ከአማካዩ ያላቸው ርቀት −4፣ −2፣ 0፣ 2፣ 4 ነው። ይደምሩት፤ 0 መጣ። እዚህ ላይ ይቁሙ! አይሩጡ። ብዙ መምህር ይህችን ዜሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋታል፤ ጨዋታው ያለው ግን እዚች ላይ ነው። የተበታተኑ ቁጥሮች ስርጭታቸው እንዴት ዜሮ ይሆናል? ፖዘቲቩ ኔጌቲቩን በላው። ለዚህ ነው ስኩዌር የምናደርገው። 16፣ 4፣ 0፣ 4፣ 16። ድምሩ 40። ለ5 ሲካፈል 8፤ ይህ ቫሪያንሱ ነው። ስኩዌር ሩቱ 2.83 አካባቢ፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሥራውን ለሁለት ይካፈሉት። ቁጥሮቹ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ይሁኑ። አማካዩንና ርቀቶቹን እርስዎ ይሙሉ፤ የቀረውን ተማሪው። እዚህ ትንሽ ስጦታ አለች፤ አማካዩ 6 ሆኖ ሳለ መልሱ ያው 2.83 ይመጣል። ቁጥሮቹ በሙሉ በ1 ከፍ አሉ እንጂ መራራቃቸው አልተለወጠም። ይህን ራሱ ያገኘ ተማሪ ሀሳቡን ይዞታል።

መጨረሻ ላይ ብቻውን ይሥራ። 3፣ 3፣ 6፣ 9፣ 9።

ይህ አካሄድ ከጆን ስዌለርና ከግርሃም ኩፐር የ1985 እ.ኤ.አ. የአልጀብራ ጥናት ጋር ይሄዳል፤ ጀማሪ ተማሪ ከባዶ ከመታገል ይልቅ አስቀድሞ የተሠራ ምሳሌ ቢያጠና ይቀለዋል። ቀድሞ ለሚችለው ግን ያው ምሳሌ አሰልቺ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ ያስቀምጡና "ይህን ከሠራችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ" ይበሉ። ጎበዙን አያግቱት።

ጥያቄዎቹን እንዴት ላውጣ?

ትክክለኛውን መልስ ማውጣት ቀላል ነው። ጥበቡ የተሳሳቱትን ምርጫዎች ማውጣት ላይ ነው። የቅድሙን 3፣ 3፣ 6፣ 9፣ 9 እንመልከት። አምስቱ የቡድኑ አባላት በሙሉ ናቸው ብለን ምርጫዎቹን 0፣ 7.2፣ 3 እና 2.68 ብናደርግ እያንዳንዱ አንድ ነገር ይናገራል። 0 የመረጠ ስኩዌር አላደረገም። 7.2 የመረጠ ቫሪያንስ ላይ ቆሟል። 3 የመረጠ ለ5 ሳይሆን ለ4 አካፍሏል፤ አምስቱ ሳምፕል፣ ማለትም ከትልቅ ቡድን የተወሰዱ ናሙና ቢሆኑ ኖሮ ልክ ነበር። 2.68 መልሱ ነው። ስለዚህ ለተሳሳተው "ስህተት ነው፣ እንደገና ሞክር" አይባልም። "ስኩዌር ሩቷ ቀርታለች" ይባላል። በዘፈቀደ የተጻፈ 14.5 ግን ለማንም ምንም አይነግርም።

አንድ ጊዜ ጠይቀውም አይተዉት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሉ ደግሞ አነበበው፤ ከፊሉ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ "ገብቶኛል" የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ይሸውዳል። ስለዚህ ቱቶሪያሉን ዛሬ ከለቀቁ በሳምንቱ ሁለት ጥያቄ ግሩፑ ላይ ጣል ያድርጉ። ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ስክሪኑ ላይ ምን ይጻፍ? ፊቴስ ይታይ?

የሚናገሩትን ሁሉ አይጻፉ። ተማሪው እያነበበም እያዳመጠም ከሆነ ሁለቱም ይሻሙታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ማየር ለብዙ ዓመታት ያጠናው ነገር ነው፤ ምስሉን ዓይን ይይ፣ ማብራሪያውን ጆሮ ይስማ። ሙዚቃ ከጀርባ አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲው ሎጎ ለ20 ሰከንድ መሽከርከሩም አያስፈልግም።

እጅ ጽሑፍ ከስላይድ ይሻላል። የጉዎ ጥናት ላይም እየተጻፈ የሚሄደው ዓይነት ቪዲዮ ከስላይድ ይልቅ ተመልካች ይዞ ነበር። ታብሌት ከሌለዎት ነጭ ወረቀት፣ ወፈር ያለ እስክሪብቶ፣ ስልክዎን ደግሞ በመጽሐፍ ቁልል ላይ ወደ ታች አስተኝተው ይቅረጹ። ፊት ግዴታ አይደለም። ድምፅ ግን ግዴታ ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከጥርት ያለ ምስል ይቀድማል። መስኮት ይዝጉ፤ የኢርፎንዎን ማይክ ይጠቀሙ። በቃ።

ከዚያ የራስዎ ስልክ ላይ ክንድዎን ዘርግተው ይዩት። ካልተነበበ ተማሪውም አያነበውም።

በምን ቋንቋ ልናገር?

የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይመጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው፣ ስያሜውና ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይሁን። ማብራሪያው ላይ ግን ተማሪው በሚሰማው ቋንቋ ማውራት ነውር የለውም። ሁላችንም ቢሮአችን ለመጣ ተማሪ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ የሚናገሩ ተማሪዎች አሉ፤ አማርኛው ለሁሉም እኩል አይገባም። መፍትሔው ምስሉንና ድምፁን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ቪዲዮው ቁጥር ብቻ ከሆነና የንግግሩ ጽሑፍ ከተቀመጠ፣ አንድ ባልደረባዎ በሌላ ቋንቋ ድምፅ ቢጨምርበት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አጠራርም ይታሰብበት። "አንተ ደምር፣ አንተ አካፍል" እያለ የሚሄድ ቪዲዮ ግማሹን ክፍል ይረሳል። "ደምሩ፣ አካፍሉ" ወይም "እንደምር" ይበሉ። የተጻፈ ሲያነቡ እንደ ዜና እንዳይመስል፤ ቢሮ ውስጥ ለአንድ ተማሪ እንደሚያስረዱ ያውሩ።

ተማሪዎቼ ዳታ የላቸውም። ምን ላድርግ?

ይህን መጀመሪያ ያስቡት፤ ሠርተው ከጨረሱ በኋላ አይሆንም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሆነ ቪዲዮ 10 ደቂቃው 75 ሜጋባይት ይመጣል። ወደ 200 ኪሎቢት ካወረዱት 15 ሜጋባይት ይሆናል። 60 ተማሪ ላለው ክፍል በድምሩ 4.5 ጊጋባይት ወይም 900 ሜጋባይት ማለት ነው፤ ያንን የሚከፍለው ከተማሪው ኪስ የሚወጣ ፓኬጅ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ብዙ እንቅስቃሴ ስለሌለው ሲጨመቅም ይነበባል። ሀንድብሬክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ይሠራል።

ከዚያም በታች መውረድ ይቻላል። የየደረጃው ፎቶና በሰከንድ 32 ኪሎቢት የሆነ ድምፅ ይበቃል፤ የ10 ደቂቃ ድምፅ 2.4 ሜጋባይት ነው። ለብዙ ርዕስ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ፋይል ግቢ ውስጥ ይዞራል። አንዱ ያወርዳል፤ ዶርሙ በዜንደር ይቀባበለዋል። ሲዞር ግሩፑ ላይ ከሥሩ የጻፉት ማብራሪያ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ጥያቄው ቪዲዮው ውስጥ ይግባ፤ መልሱም መጨረሻው ላይ። የፋይሉ ስምም "ስታት 3፣ ስኩዌር ለምን" ይሁን። ካሜራው የሰጠው የቁጥር ዝርዝር ሆኖ ከቀረ ከሳምንት በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ሙድል ወይስ ቴሌግራም?

ውጤት መያዝ ካለበት ሙድል፣ ማለትም የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያው ሶፍትዌር። ማን ሠራ፣ ስንት አመጣ የሚለውን ይመዘግባል። የሞባይል አፑ ደግሞ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማየት ያስችላል፤ መምህሩ ከፈቀደ ኩዊዙንም ከመስመር ውጭ ሠርቶ በኋላ መላክ ይቻላል። ይህ ፈቃድ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው ይዩት።

ለመለማመጃ ቴሌግራም። ተማሪው እዚያው ነውና። የኩዊዝ ፖሉ መልሱን ወዲያው ያሳያል፤ እስከ 200 ፊደል የሚደርስ ማብራሪያም ይይዛል። ለ"ስኩዌር ሩቷ ቀርታለች" ይበቃል። የቴሌግራም ጣጣው ሌላ ነው፤ የዛሬው ቱቶሪያል ነገ ከ300 መልእክት ሥር ተቀብሯል። ለትምህርቱ መምህሩ ብቻ የሚለጥፍበት ቻናል፣ ለወሬው ግሩፕ ይክፈቱ።

ካን አካዳሚ እያለ፣ ቻትጂፒቲም እያለ ለምን እደክማለሁ?

ለሁሉም ነገር አይድከሙ። ሳልማን ካን በ2004 እ.ኤ.አ. አንዲት ዘመዱን ከሩቅ ሒሳብ ማስጠናት ሲጀምር የተነሳው ካን አካዳሚ የተባለው የነፃ ትምህርት ድረ ገጽ ዛሬ ብዙውን የፍሬሽማን ሒሳብ ይሸፍናል። ያለውን ይጠቀሙ። ሊንክ ብቻ አይላኩ፤ "ከ2ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ እዩና ይህን ጥያቄ ሥሩ" ይበሉ። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌርም አለ፤ የካን አካዳሚን ትምህርቶች ኢንተርኔት የሌለው ላብ ውስጥ ከአንድ ኮምፒውተር ለሌሎቹ ያከፋፍላል።

እርስዎ የሚሠሩት እዚያ የሌለውን ነው። የእርስዎ ተማሪ የሚስታትን፣ የእርስዎ ሀንድአውት የሚጠቀምበትን ምልክት። ቻትጂፒቲ ቀመሩን ያብራራል፤ እርስዎ ክፍል ውስጥ ለ5 ያካፈሉትን እሱ ለ4 ካካፈለው ግን ተማሪው መሐል ላይ ይንጠለጠላል። ለረቂቅ፣ ለተጨማሪ መለማመጃ ይጠቀሙበት። ቁጥሩን ግን ራስዎ ደግመው ያስሉ።

ለመውጫ ፈተና ዝግጅት ቢሆንስ?

አካሄዱ ይገለበጣል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ማለፊያው ከ100 50 ሲሆን የሚሸፍነው ተማሪው ከዓመታት በፊት የወሰዳቸውን ኮርሶች ነው። ያን ሁሉ ፖርሽን ከሥሩ ማስተማር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ጥያቄው ይቅደም። የሳተው ብቻ የ3 ደቂቃ ማብራሪያውን ይክፈት። 200 ገጽ ማጠቃለያ የሚያሰራጩ ቻናሎች ሞልተዋል፤ ተማሪው አውርዶ ያስቀምጠዋል፣ አይከፍተውም።

ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉኝ።

"ይሄኛውን ከዚያኛው ስንቀንስ" ማለት ይቁም። "ከ9 ላይ 6 ስንቀንስ 3" ይበሉ። ይህ ለሚያየውም ይጠቅማል፤ ባስ ላይ ሆኖ በጆሮው ብቻ የሚከታተል ተማሪ አለና። ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነ ጽሑፍን ስክሪን ሪደር አያነበውም፤ የተተየበ ፋይል ይስጡ። መስማት ለተሳነው ደግሞ የንግግሩን ጽሑፍ አብረው ይልቀቁ። አስቀድመው ጽፈው ከተቀረጹ ዝግጁ ነው።

እንደሠራ በምን አውቃለሁ?

የእይታ ቁጥር አይንገርዎት። 500 ሰው ከፍቶት 400ው በ30 ሰከንድ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ከመልቀቅዎ በፊት አንድ ተማሪ አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ከጎበዞቹ አይሁን። ስልኩን ይስጡትና ዝም ይበሉ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ "አይ፣ እሱን ሳይሆን..." ሊሉ ያምርዎታል። የት ላይ ወደ ኋላ እንደመለሰ፣ የት ላይ እስክሪብቶውን እንዳስቀመጠ ይጻፉ። ያኮብ ኒልሰን የድረ ገጽ አጠቃቀምን ለመፈተሽ 5 ሰው እንደሚበቃ ይመክራል። ለእኛ ሥራ 2 ወይም 3 ተማሪም ዋናውን ቀዳዳ ያሳያል።

ከለቀቁ በኋላ የቴሌግራም ኩዊዙን በመቶኛ ይዩ። ለቅድሙ የ3፣ 3፣ 6፣ 9፣ 9 ጥያቄ አብዛኛው 3 ብሎ ከመለሰ ጥፋቱ የተማሪው ላይሆን ይችላል፤ ሳምፕልና ሙሉ ቡድን የሚለውን ቪዲዮው አልለየውም። የመጨረሻው ማስረጃ ግን የሚቀጥለው ሚድ ነው። ያችው ስህተት ቀነሰች?

በየዓመቱ እንደገና መሥራት አለብኝ?

መጀመሪያውኑ ካሰቡበት የለብዎትም። "በዚህ ሴሚስተር"፣ "ቻፕተር 3 ላይ"፣ "ሐሙስ ኩዊዝ አለ" የሚሉትን ከቪዲዮው ያውጡ፤ ግሩፑ ላይ ይጻፏቸው። ቪዲዮዎቹ አጫጭር ከሆኑ አንዱ ሲበላሽ አንዱን ብቻ ይተካሉ። የንግግሩን ጽሑፍ፣ ያልተጨመቀውን ቪዲዮና የጥያቄዎቹን ፋይል አንድ ላይ፣ ከስልክዎ ውጭ ሌላ ቦታም ያስቀምጡ። ኮርሱን የሚረከበው ባልደረባ ከዚያ ይቀጥላል።